በወንዝ ዳር ረጅም የብስክሌት ጉዞ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወንዝ ተከትሎ ለብዙ ቀናት በብስክሌት ለመጓዝ ያሰበ ሰው የሚያነሳቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከአውሮፓው የዳኑብ ወንዝ ናቸው።

ስፖርተኛ አይደለሁም። ይህ ጉዞ ይቻለኛል?

አዎ፣ የወንዝ ዳር መንገድ ከመረጡ ይቻልዎታል። ሞተር ከመምጣቱ በፊት ጀልባዎችን ሽቅብ የሚጎትቱት ፈረሶች ነበሩ። ፈረሶቹ የሚረግጡት የዳር መንገድ ደግሞ ደልዳላ መሆን ነበረበት። የዛሬው የዳኑብ ብስክሌት መንገድ በብዙ ቦታ ያው የፈረሶቹ መንገድ ነው። በሌላው ቦታ ጎርፍ እንዲከላከል የተሠራ የአፈር ግድብ አናት ላይ ይሄዳል። ሁለቱም ሜዳ ናቸው።

አቅምዎን ለመለካት ቀላል መንገድ አለ። ከጉዞው አንድ ወር ቀደም ብለው ሁለት ቀን በተከታታይ 40 ኪሎ ሜትር ይንዱ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ብስክሌቱ ላይ ሳይሳቀቁ መቀመጥ ከቻሉ ዝግጁ ነዎት። አንድ ቀን ብቻ ረጅም ርቀት መንዳት ብዙ አይናገርም። የሚፈትነው መደጋገሙ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ የትኛውን ወንዝ ልምረጥ?

እኔን ከጠየቁኝ ዳኑብን፣ ያውም ከጀርመኗ ፓሳው እስከ ቪየና ያለውን ክፍል። ርቀቱ ከ300 ኪሎ ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ አንድ ሳምንት ይበቃዋል። ምልክቱ በደንብ ተተክሏል፣ ማደሪያና ምግብ በየመንደሩ አለ፣ ቢደክምዎት የባቡር ጣቢያ ሩቅ አይደለም። መነሻው ራሱ ደስ ይላል። ፓሳው ላይ ዳኑብ፣ ኢንና ኢልዝ የሚባሉት ሦስት ወንዞች ይገናኛሉ፤ የውሃቸው ቀለም እንኳ የተለያየ ነው።

አጠር ያለ የሚፈልግ የጀርመኑን ሞዘል ወንዝ ይሞክር። ከትሪየር እስከ ኮብሌንዝ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በወይን ተክል የተሸፈኑ ኮረብቶች ግራና ቀኝ ያጅቡታል። ረዘም ያለ የሚፈልግ ደግሞ የፈረንሳዩን ሎዋር ያስብበት፤ መንገዱ 900 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ በአሮጌ ቤተ መንግሥቶች አጠገብ ያልፋል። ራይንን ከስዊዘርላንድ ተራሮች እስከ ሰሜን ባሕር መከተል ይቻላል፣ ግን ፋብሪካና ትልልቅ ከተማ የሚበዛበት ክፍል ስላለው ለመጀመሪያ ጉዞ አልመርጠውም።

ዳኑብን ሙሉውን እሄዳለሁ የሚል ሰውም አይጠፋም። ወንዙ ከጀርመኑ ጥቁር ደን እስከ ጥቁር ባሕር 2,850 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ በአሥር አገሮች ያልፋል ወይም ድንበራቸውን ይነካል። ይህ የወራት እንጂ የአንድ ፈቃድ ጉዞ አይደለም። በየዓመቱ ቁራጭ ቁራጭ አድርገው የሚጨርሱት ብዙዎች ናቸው፤ እኔም የማምነው በዚያ ነው።

በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ላቅድ?

ከ40 እስከ 60። ሜዳ ላይ ዕቃ የጫነ ብስክሌት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ውሃ መጠጣት፣ ፎቶ ማንሳት፣ መንገድ መጠየቅና ምሳ ሲጨመርበት ግን አማካዩ ወደ 10 ይወርዳል። ስለዚህ 50 ኪሎ ሜትር ማለት አምስት ሰዓት ነው። 90 ብለው ያቀዱ እንደሆነ ቀኑን ሙሉ የሚያዩት የራስዎን የፊት ጎማ ነው።

ከፓሳው ወደ ቪየና የሚሆን አከፋፈል ይኸው፦ የመጀመሪያው ቀን እስከ ሽሎገን 40 ገደማ፣ ከዚያ ሊንዝ 50፣ ግራይን 60፣ ሜልክ ወደ 50፣ ክሬምስ 35፣ ቱልን 45፣ ቪየና 40። ከሜልክ እስከ ክሬምስ ያለው አጭር የሆነው ሆን ተብሎ ነው። ቫኻው የሚባለው ሸለቆ እዚያ ነው፤ ዩኔስኮ በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። የወይን እርከኖች፣ የአፕሪኮት ዛፎች፣ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ ታስሮበት የነበረው የዱርንሽታይን ግንብ ፍርስራሽ አለ። በሁለት ሰዓት ተኩል ሮጦ ማለፍ ያሳዝናል።

አንድ ትርፍ ቀን ግን ይያዙ። ዝናብ፣ የጉልበት ሕመም ወይም ደስ ያለዎት ከተማ ይበላዋል። ከሊንዝ አለፍ ብሎ ማውትሃውዘን አለ። ናዚዎች ከ1938 እስከ 1945 ያቆዩት የማጎሪያ ካምፕ ነው፣ ዛሬ መታሰቢያ ሆኗል። ከወንዙ ወደ ኮረብታ መውጣት ይጠይቃል። ቢያንስ ግማሽ ቀን ይስጡት፤ ከዚያ ወጥቶ ወዲያው 40 ኪሎ ሜትር ለመንዳት ልብ አይኖርም።

ቁልቁል ልንዳ ወይስ ሽቅብ?

ብዙ ሰው "ወንዙ የሚወርደውን ተከትዬ ከሄድኩ ብስክሌቱ ራሱ ይወስደኛል" ይላል። አይወስድም። ከፓሳው እስከ ቪየና ባለው ርቀት ሁሉ ዳኑብ የሚወርደው ከ150 ሜትር ያነሰ ነው። ለአንድ ኪሎ ሜትር ግማሽ ሜትር እንኳ አይደርስም። እግርዎ ይህን አይለየውም።

እግር የሚለየው ነፋስን ነው። የወንዝ ሸለቆ ክፍት ነው፣ የግድብ አናት ላይ ደግሞ መጠለያ የለም። ነፋስ የሚገፋበት ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በካሬ ስለሚያድግ (ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ነው) ነፋሱ ትንሽ ሲጠነክር ድካሙ በብዙ ይጨምራል። በጎንና በጎን ቦርሳ የተንጠለጠለበት ብስክሌት ደግሞ ነፋስን በሰፊው ይቀበላል። ከቪየና በታች ወደ ሃይንቡርግ የሚወስደው ግድብ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ነው፣ አንድም ጥላ የለውም። ነፋሱ ከፊት ከመጣ እዚያ ላይ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር መሄድ ራሱ ትግል ነው። ከጀርባ ከሆነ ያው መንገድ ሳይታወቅ ያልቃል።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚታየው የነፋሱ አቅጣጫ ነው፣ የባቡር ትኬት ከዚያ በኋላ ይቆረጣል። በላይኛው ዳኑብ የተለመደው ነፋስ ከምዕራብ ነው፤ ስለዚህ ቁልቁል መሄድ ያዋጣል። በሎዋር ነፋሱ ከአትላንቲክ ውቅያኖስ ይነሳል፤ ስለዚህ ከባሕሩ ጀምሮ ሽቅብ የሚሄድ ይጠቀማል። በጀርመኑ የኤልበ ወንዝም ነፋሱ በአብዛኛው ከባሕሩ በኩል ስለሚመጣ ከሃምቡርግ ወደ ድሬስደን መንዳት ይሻላል። በፈረንሳዩ ሮን ወንዝ ላይ ሚስትራል የሚባለው ኃይለኛ ነፋስ ከሰሜን ወደ ሜዲትራኒያን ይነፍሳል፤ እዚያ ሽቅብ መሄድ ራስን መቅጣት ነው።

ነፋሱ ከፊት በሆነበት ቀን በጠዋት ይነሱ። አብዛኛውን ጊዜ ነፋስ የሚበረታው ከቀትር በኋላ ነው። ማርሽ ዝቅ ያድርጉ፣ ሰዓት እንጂ ኪሎ ሜትር አይቁጠሩ።

መቼ ልሂድ?

በመካከለኛው አውሮፓ ከግንቦት አጋማሽ እስከ መስከረም መጨረሻ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ከሜይ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጀመሪያ ድረስ። ጁላይና ኦገስት ይሞቃል፣ ሰውም ይበዛል። የእኔ ምርጫ ሴፕቴምበር ነው፦ ወይን የሚለቀምበት ጊዜ ነው፣ መንገዱ ይለቃል፣ ሙቀቱም ይቀንሳል። ቀኑ ግን እያጠረ ስለሚሄድ በጊዜ መድረስ ያስፈልጋል።

ጁን ላይ የተራራው በረዶ እየቀለጠ ስለሆነ ወንዞቹ ይሞላሉ። በጁን 2013 ዳኑብ ፓሳው ላይ ወደ 13 ሜትር ተጠግቶ አሮጌውን ከተማ አጥለቅልቆት ነበር።

ምን ዓይነት ብስክሌት ያስፈልገኛል? ልከራይ ወይስ የራሴን ልውሰድ?

ውድ መሆን የለበትም። በደንብ የሚይዝ ፍሬን፣ ዝቅ የሚል ማርሽ፣ የኋላ እቃ መጫኛና ፓራፋንጎ ያለው ማንኛውም ደህና ብስክሌት ይበቃል። ጎማው ከ35 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ስፋት ቢኖረው ጥሩ ነው፤ አስፋልቱ አልፎ አልፎ ወደ ጠጠር ይቀየራል። ቀጭን የውድድር ጎማ አይመቸውም።

ጉዞው አንድ ሳምንት ከሆነ መከራየት ያዋጣል። በአንድ ከተማ ወስደው በሌላ ከተማ የሚመልሱባቸው አከራዮች በትልልቆቹ መንገዶች ላይ አሉ። ከሁለት ሳምንት በላይ ከሆነ ግን ሰውነትዎ የለመደው የራስዎ ብስክሌት ይሻላል።

መቀመጫዬ ያመኛል፣ እጄም ይደነዝዛል። ምን ላድርግ?

ይህን ጥያቄ ሰዎች እያፈሩ ነው የሚያነሱት፤ ጉዞ የሚያቋርጠው ግን ከሁሉም በላይ እሱ ነው። መጀመሪያ የመቀመጫውን ከፍታ ያስተካክሉ። ተረከዝዎን ፔዳሉ ላይ አድርገው ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርዎ ቀጥ ማለት አለበት። ከዚያ የእግርዎን የፊት ክፍል ሲያሳርፉ ጉልበትዎ ትንሽ ይታጠፋል፤ ልኩ ያ ነው። ዝቅ ያለ መቀመጫ ጉልበት ይጎዳል፣ ከፍ ያለው ደግሞ ወገብ ያወዛውዛል።

በጣም ለስላሳና ሰፊ መቀመጫ ይመቻል ብለው አይግዙ። ለአሥር ደቂቃ ይመቻል፣ ከዚያ ግን ይሰምጥና ለስላሳውን ሥጋ ይጫናል። ክብደትዎ ማረፍ ያለበት በታችኛው የዳሌ አጥንት ላይ ነው። ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ይልበሱ፣ ከሥሩ ሙታንታ አያድርጉ፤ ስፌቱ ነው ቆዳን የሚልጠው። ማታ ማታ ቁምጣውን ያጥቡት።

እጅ የሚደነዝዘው መዳፍ ላይ ያለው ነርቭ ሲጫን ነው። በየጥቂት ደቂቃው አያያዝዎን ይቀያይሩ፣ ክርንዎን ያላሉ። መሪው በጣም ዝቅ ያለ ከሆነ ከፍ ያድርጉት።

ምን ያህል ዕቃ ልያዝ?

ድንኳን ካልያዙ ከ10 እስከ 12 ኪሎ ይበቃል። ሁለት ውሃ የማያስገቡ የጎን ቦርሳዎች ኋላ፣ አንዲት ትንሽ ቦርሳ መሪው ላይ። ጀርባ ላይ ምንም አይሸከሙ። ከባዱን ዕቃ ከታች፣ የዝናብ ልብሱን ከላይ ያድርጉት። ሁለት ቅያሪ የመንጃ ልብስና አንድ የማታ ልብስ ካለ ሌላው ትርፍ ነው።

ዕቃ መጫን ለማይፈልግ ሰው ሻንጣ ከማደሪያ ማደሪያ የሚያደርሱ ድርጅቶች በላይኛው ዳኑብና በሎዋር አሉ። ገንዘብ ይጠይቃል፣ ደግሞም ሁሉንም ማደሪያ አስቀድሞ መወሰን ግድ ይሆናል።

መንገድ ላይ ጎማ ቢተነፍስስ?

ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ፣ ጎማ ማውለቂያ፣ ፓምፕና የብሎን መፍቻ ከያዙ ሃያ ደቂቃ ነው። አዲሱን ካላማዳሪ ከማስገባትዎ በፊት የጎማውን ውስጥ በጣትዎ ቀስ ብለው ይዳስሱ። እሾሁ ወይም ብርጭቆው ብዙ ጊዜ እዚያው ተሰክቶ ነው ያለው። ካልወጣ አዲሱንም ይበሳዋል። ቤት ሳሉ አንድ ጊዜ የኋላውን ጎማ አውጥተው ይመልሱ፤ ካቴናው ያለው በኋላ በኩል ስለሆነ የሚያስቸግረው እሱ ነው።

ማደሪያ አስቀድሜ ልያዝ?

በአውሮፓ በጋ፣ ማለትም በሞቃቱ ወራት፣ በተለይ ዓርብና ቅዳሜ፣ አዎ። ከፓሳው እስከ ቪየና ባለው መንገድ ብስክሌተኛ ይበዛል፤ ለአንድ ሌሊት ብቻ ክፍል የማይሰጡም አሉ። በሌላው ጊዜ የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ሌሊት ይያዙና መካከሉን ክፍት ይተዉት። በየመንደሩ ክፍል የሚያከራዩ ቤተሰቦች አሉ፤ ሰሌዳቸው በር ላይ ይታያል። ብስክሌት የሚቆለፍበት ቦታ መኖሩን ቀድመው ይጠይቁ።

ድንኳን ለሚይዝ ሰው ካምፕ ቦታዎች በወንዙ ዳር አሉ። ባገኙት ቦታ መትከል ግን በጀርመንና በኦስትሪያ በአብዛኛው የተከለከለ ነው።

አንድ ነገር አይርሱ፦ በጀርመንና በኦስትሪያ እሑድ ሱቆች ይዘጋሉ። የእሑዱን ምግብ ቅዳሜ ይግዙ።

በየትኛው የወንዙ ዳር ልሂድ?

ዳኑብ ላይ በብዙ ቦታ በሁለቱም ዳር መንገድ አለ፤ መቀያየር ነው ደስታው። ሽሎገን አጠገብ ወንዙ ወደ ኋላው ይጠመዘዛል። እዚያ በሰሜኑ ዳር መንገዱ ይቋረጥና ብስክሌተኛውን ትንሽ ጀልባ ጭና ታሻግረዋለች። በቫኻው ሸለቆ የሰሜኑ ዳር ታዋቂዎቹ መንደሮች ያሉበት ነው፣ የደቡቡ ደግሞ ጸጥ ያለና ለዓይን የሚሰፋ።

ሽፒትስ ላይ ያለችውን ጀልባ ለማየት ብቻ መሻገር ያዋጣል። ሞተር የላትም። ወንዙን ተሻግሮ ከተዘረጋ የብረት ገመድ ጋር ታስራለች፣ ጀልበኛው መሪዋን አጣሞ ሲይዛት ውሃው ራሱ ገፍቶ ያሻግራታል። ብስክሌትዎን ደግፈው ሲቆሙ የሚሰማው የውሃው ድምፅ ብቻ ነው። ጀልባዎች የሚሠሩት በሞቃቱ ወራትና በቀን ብርሃን ስለሆነ፣ የመጨረሻዋ ስንት ሰዓት እንደምትሄድ ጠዋት ላይ ያጣሩ።

ከልጆች ጋር ይሆናል?

በጣም። የቀኑን ርቀት ወደ 25 ወይም 30 ዝቅ ያድርጉ፣ በየሰዓቱ ይቁሙ። በኦስትሪያ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሄልሜት ማድረግ በሕግ ግዴታው ነው። ትልቅ ሰው በሕግ ባይገደድም እንዲያደርግ እመክራለሁ፤ ልጅ የሚያየው የወላጁን ጭንቅላት ነው።

ብስክሌቱን በባቡርና በአውሮፕላን እንዴት ላጓጉዝ?

በጀርመንና በኦስትሪያ የክልል ባቡሮች ላይ የብስክሌት ትኬት ገዝቶ መግባት ይቻላል፣ ቦታ እስካለ ድረስ። በረጅም ርቀት ፈጣን ባቡሮች ግን የብስክሌት ቦታ አስቀድሞ መያዝ አለበት። ቦታው ጥቂት ስለሆነ በበጋ ቶሎ ያልቃል። የራስዎን መቀመጫ ከመግዛትዎ በፊት የብስክሌቱን ያረጋግጡ።

ለአውሮፕላን ካርቶን ያስፈልጋል። ብስክሌት ሻጮች ባዶ ካርቶን ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጣሉ። ፔዳሎቹን ይፍቱ፣ መሪውን ያዙሩ፣ ጎማውን ትንሽ ያስተንፍሱ። የግራው ፔዳል ጥርስ በተቃራኒ ነው የተቆረጠው፤ የሚፈታው ወደ ሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ይበልጥ ያጠብቀዋል።

የኤሌክትሪክ ብስክሌት ይዤ መብረር እችላለሁ?

ከነባትሪው አይቻልም። በመንገደኛ አውሮፕላን የሚፈቀደው የሊቲየም ባትሪ ከፍተኛው መጠን 160 ዋት ሰዓት ነው፤ የብስክሌት ባትሪ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ300 በላይ ነው። መፍትሔው እዚያው መከራየት ነው። ጉልበት ለሚያመው ወይም አቅማቸው ለሚለያይ ባልና ሚስት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ትልቅ በረከት ነው፤ ማንም ሊያፍርበት አይገባም።

ብዙ አገር ስለማልፍ ቪዛው እንዴት ይሆናል?

ጀርመን፣ ኦስትሪያ፣ ስሎቫኪያና ሃንጋሪ ሁሉም ሸንገን በሚባለው የጋራ ቪዛ ቀጠና ውስጥ ናቸው፤ በአንድ ቪዛ ይታለፋሉ። ክሮኤሺያ በ2023 ገብታለች። ሩማኒያና ቡልጋሪያም ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በየብስ ድንበራቸው ሙሉ በሙሉ ተቀላቅለዋል። ማመልከቻው የሚቀርበው ብዙ ቀን ለሚያሳልፉበት አገር ነው። የሚፈቀደው ቆይታ በ180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን አይበልጥም።

ብዙዎች የሚሳሳቱት ሰርቢያ ላይ ነው። ሰርቢያ ሸንገን ውስጥ የለችም። ከሃንጋሪ ወይም ከክሮኤሺያ ወደ ሰርቢያ ሲገቡ ከሸንገን ወጡ ማለት ነው። ቪዛዎ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያስገባ ከሆነ ወደ ሩማኒያ ወይም ወደ ቡልጋሪያ ሲደርሱ በሩ ይዘጋብዎታል። ስለዚህ ከቤልግሬድ በታች ለመሄድ ያሰበ ሰው ከመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛ ይጠይቅ፣ የጉዞ ዕቅዱንም በማመልከቻው ላይ በግልጽ ያሳይ። ለሰርቢያም ቪዛ የሚያስፈልግዎት መሆኑን ለብቻው ያጣሩ።

ከቡዳፔስት በታች ያለው መንገድም እንዲሁ ቀላል ነው?

አይደለም፤ ለዚህም ነው ለሁለተኛ ጉዞ የምመክረው። ዩሮቬሎ 6 የተባለው ከአትላንቲክ እስከ ጥቁር ባሕር የሚዘልቅ መንገድ በዚያ በኩል ያልፋል፣ ግን ለብስክሌት ብቻ የተሠራው ክፍል እየሳሳ ይሄድና ከመኪና ጋር መጋራት ይመጣል። መንደሮቹ ይራራቃሉ። ገንዘቡም ይለያያል፦ ሃንጋሪ ፎሪንት፣ ሰርቢያ ዲናር፣ ሩማኒያ ሌይ። ትንሽ ጥሬ ገንዘብ በኪስ መያዝ ያስፈልጋል።

ነፋሱም ይገለበጣል። ኮሻቫ የሚባል ብርቱ ነፋስ በሰርቢያ ከደቡብ ምሥራቅ ይነሳል፤ በተለይ ከመጸው ጀምሮ ወደ ጥቁር ባሕር የሚሄደውን ፊት ለፊት ይገጥመዋል። ከዚያ በፊት በበጋ ማለፍ ይሻላል። ክፍት ሜዳ ላይ ውሻ ቢያባርርዎት ለማምለጥ አይሩጡ። ወርደው ብስክሌቱን በእርስዎና በውሻው መካከል ያድርጉ፣ ቀስ ብለው ይራመዱ።

ሽልማቱ ግን ትልቅ ነው። በሰርቢያና በሩማኒያ መካከል ባለው የብረት በር ገደል ዳኑብ ከገደሎች መካከል ተጨምቆ ያልፋል፤ በጠባቡ ቦታ ስፋቱ 150 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሰርቢያ በኩል ያለው መንገድ በብዙ ዋሻዎች ውስጥ ይገባል፣ መብራት የሌላቸውም አሉ። ከብርሃን ወደ ጨለማ ሲገቡ የእርስዎ ዓይን ብቻ ሳይሆን ከኋላ የሚመጣው ሹፌር ዓይንም ለጥቂት ሰከንድ አያይም። አፉ ላይ ቁሙ፣ አንጸባራቂውን ሰደርያ ይልበሱ፣ የፊትና የኋላ መብራት ያብሩ፣ የመኪና ድምፅ ካለ ያሳልፉት፣ ከዚያ ይግቡ።